እጅሽን ከክሬ ላይ አንሺ

ልብስ ሰፊዋ የሰው ሥራ ሲበላሽ እያየች ዝም ማለት የማትችል ሴት ናት። ልጇ ሽንኩርት ስትከትፍ ካየች ቢላዋውን ተቀብላ ራሷ ትጨርሳለች። ሰው ቤት ሄዳ የተንጋደደ ምንጣፍ ካየች፣ ወሬውን ሳታቋርጥ በእግሯ ጫፍ ታቃናዋለች። ክፋት የላትም፤ እጇ ነው አላስቀምጥ የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ስፌት መኪናዋ ላይ ተጎንብሳ የኖረች ናትና፣ ጠማማ ነገር ስታይ ዓይኗ ውስጥ ጉድፍ የገባ ያህል ይቆረቁራታል።

ባሏ የአውቶብስ ሾፌር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሳይገጭ፣ እንስሳ ሳይነካ ነድቶ ነድቶ፣ አንድ ቀን ጠዋት አውቶብሱ በቆመበት የፊት መስታወቱን ልወልውል ብሎ መወጣጫው ላይ ሲቆም አዳለጠው። በቀኝ እጁ ላይ ወደቀ፤ አንጓው ተሰበረ። እሱን ያበገነው ስብራቱ ሳይሆን አወዳደቁ ነበር። "እየነዳሁ ቢሆን እኮ ለሰው ሲያወሩትም ወግ አለው" ይላል።

ስድስት ሳምንት በጀሶ ከረመ። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቹ ግን እምቢ አሉ። አመልካች ጣቱ ከአውራ ጣቱ ጋር ልገናኝ ብሎ ይነሳና ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። የሸሚዙን ቁልፍ እንኳን የምትቆልፍለት ሚስቱ ሆነች። ሐኪሙም ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከው፤ ሰፊዋም ሥራዋን አስቀምጣ አብራው ሄደች።

የክፍሉ ባለሙያ ወጣት ሴት ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ፣ አያያዟ ግን እንደ ጉጠት። የሾፌሩን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፈች እየዘረጋች ካየች በኋላ ከመሳቢያዋ አንድ ጥቅል ወፍራም አረንጓዴ የሹራብ ክር አወጣች።

"አባባ፣ ሹራብ ሠርተው ያውቃሉ?"

ሾፌሩ መጀመሪያ ሚስቱን፣ ቀጥሎ በሩን አየ።

"እኔ?"

"መርፌ የለውም። በጣት ብቻ ነው የሚሠራው።"

የክሩን ጫፍ በግራ እጁ አውራ ጣት አስያዘችውና ክሩን በቀሩት አራት ጣቶች መሀል አንዱን በፊት፣ አንዱን በኋላ እያሳለፈች እስከ ትንሿ ጣት ወሰደችው፤ ከዚያ ዞራ መለሰችው። አንድ ጊዜ ደገመችው። አሁን እያንዳንዱ ጣት ላይ ሁለት ሁለት የክር ቀለበት ሆነ።

"አሁን በቀኝ እጅዎ የታችኛውን ቀለበት ይቆንጥጡ። በላይኛው ላይ አሳልፈው፣ ከጣቱ ጫፍ አውጥተው ወደ ኋላ ይጣሉት። ከትንሿ ጣት ጀምረው እስከ አመልካቿ። አራቱም ላይ አንድ አንድ ሲቀር እንደገና ይጠመጥማሉ። መድኃኒቱ ቁንጠጣው ነው፤ ሹራቡ ትርፍ ነው። ሲደክምዎ አራቱን ቀለበት እርሳስ ላይ ሰክተው ያስቀምጡት፣ አይፈታም። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሠሩትን ይዘው ይምጡ።"

ሰፊዋ ከኋላ ቆማ ስታይ ገና ሁለተኛው ዙር ላይ ገብቷት ነበር። ጣቶቿ የቦርሳዋ ማንገቻ ላይ በራሳቸው ጊዜ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

በማግስቱ ሾፌሩ ቁርሱን በላና ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበት ወንበር ላይ ተሰየመ። ወንበሩ ከስፌት መኪናዋ ሁለት እርምጃ አይርቅም። ሌላ ክፍል ቢቀመጥ ምን ነበረበት? ብርሃን እዚህ ይሻላል አለ።

"ክሩ ከጣቱ በፊት ነው በኋላ የሚጀምረው?" ብሎ ጠየቃት።

"በፊት።"

"እሷ በኋላ ያለች መሰለኝ።"

"በፊት ነው ያለችው።"

"አንቺ ከኋላ ቆመሽ ስለነበር ነው በፊት የመሰለሽ።"

ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አስነሳች። አንድ ሙሉ የቀሚስ ጠርዝ ሰፍታ ቀና ስትል ባሏ ግራ እጁን ከፊቱ ዘርግቶ፣ ቀኙን ጭኑ ላይ ጥሎ ዝም ብሎ ተቀምጧል። የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ ጠቁረዋል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ምንም።"

"ጣትህ ለምን ጠቆረ?"

የጎማ ብሎን የሚያጠብቅ ይመስል እያንዳንዱን ቀለበት ስቦ ስቦ አጥብቆት፣ ቀለበቶቹ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ ብለዋል። ትንሿን መቀስ አምጥታ ሥጋውን እንዳትነካ እየተጠነቀቀች አንድ በአንድ ቆረጠችለት። የጠዋቱ ሥራ እዚያ ላይ አለቀ።

"ክሩ ነው" አለ ጣቶቹን እያሸ።

"ክሩ ምን አደረገህ?"

"ጥራት የለውም።"

በሁለተኛው ቀን በጣም አላላውና ቀለበቶቹ ገና ሳይቆነጥጣቸው እየተንሸራተቱ ወደቁ። በሦስተኛው ቀን ደህና ሁለት መስመር ከሠራ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ረስቶት በግራ እጁ አነሳውና ስልኩ፣ ክሩና ጣቱ አንድ ላይ ተጠላለፉ። የደወለው የሥራ ባልደረባው ነበር። "ምን እየሠራህ ነው?" ሳይለው አልቀረም፤ ሾፌሩ "ምን እሠራለሁ፣ ተቀምጬ" ሲል ሰፊዋ ሰማች። እሷም ተነስታ ስልኩን ፈታችለት።

አሥረኛ ክፍል ያለችው ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለአባቷ አዘነችለትና በስልኳ ቪዲዮ ፈልጋ አመጣች። ፊቷ የማይታይ ሴት ረጃጅም ጣቶቿን እያውለበለበች ዓይን መከተል እስኪያቅተው ድረስ ትሠራለች፤ ከሥሩም ሙዚቃ አለ።

"አባዬ፣ ፍጥነቱን ቀንሰህ ማየት ትችላለህ።"

ሾፌሩ ጥቂት አየና ስልኩን መለሰላት። "ይቺ ሴትዮ እጇ ተሰብሮ አያውቅም" አለ።

በአራተኛው ቀን አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ መጣች። ሰፊዋ እግሯ ሥር ተንበርክካ፣ አምስት ስፒል በከንፈሯ ነክሳ፣ የቀሚሱን እጥፋት ስታስተካክል ከወንበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

"የመሀል ጣቴ ላይ ሦስት አለ። ይሄኛው ላይ ደግሞ ምንም የለም። የት ሄደ?"

አፏ በስፒል እንደተያዘ "እምም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"እምም።"

"ሲጠይቁሽ መመለስ ምን ችግር አለው?"

ደንበኛዋ ራርታላት አንገቷን አዞረች። "ዘለውት ነው ጋሼ። ሲጠመጥሙ አንዱን ጣት ዘለውታል።"

"ተባረኪ" አለና ሚስቱን ገረመማት። ሰፊዋ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች፤ ቆጥራም አምስት መሆናቸውን አረጋገጠች፣ አንዱን የዋጠችው መስሏት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሾፌሩ ከምሳ በኋላ ሥራውን እርሳስ ላይ ሰክቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ጋደም ሊል ሄደ። አንድ ስንዝር የምትሆን ጉንጉን ናት። ከላይ ወደ ታች አራተኛው መስመር ላይ አንድ ቀለበት አምልጦ፣ አውራ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል። ሰፊዋ ላለማየት ፊቷን አዞረች። ኮሌታ ሰፋች። እንደገና አየችው። ያው ቀዳዳ እዚያው አለ። ሰው ቀዳዳ እያየ እንዴት ይተኛል? ተነሳች፤ አራቱን መስመር ፈታች፣ በራሷ ጣቶች ላይ አስገብታ መልሳ ሠራችው። ደቂቃም አልፈጀባት። እጇ ከገባ አይቀር ብላ ሦስት መስመር ጨመረችና እርሳሱ ላይ መለሰችው።

ሾፌሩ ከእንቅልፉ ሲነሳ ጉንጉኑን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው።

"ነይ እስኪ እዪው። ወጣልኝ እኮ።"

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን ፊቱን አየችው። ጀሶው ከተፈታ ጀምሮ እንዲህ ሲፈካ አላየችውም ነበር። "ጎበዝ" አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልሆነላትም። እሱ ጠዋት ያበላሸውን እሷ ከሰዓት ታቃናለች፤ እሱ ከሰዓት ያጠበቀውን እሷ በማግስቱ ጠዋት እሱ ገላውን ሲታጠብ ታላላለች። ጉንጉኑ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ይረዝም ጀመር። ሾፌሩም ሥራው እየተቃና ሲሄድ ልምምዱን አሳጠረው፤ ግማሽ ሰዓቱ ሩብ ሰዓት፣ ሩቡ አሥር ደቂቃ ሆነ። "አንዴ ከገባህ ቀላል ነው" ይል ጀመር። አንድ ቀን ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ስታልፍ ጉንጉኑን አየት አድርጋ፣ "እማዬ፣ ይሄ ክር አባዬ ሲተኛ ያድጋል እንዴ?" አለቻት።

"አንቺ ጥናትሽን አጥኚ" አለች ሰፊዋ።

ሁለት ሳምንቱ ሞላና ሄዱ። ሾፌሩ ጉንጉኑን በንጹሕ ላስቲክ አስገብቶ፣ ላስቲኩን በደረት ኪሱ ይዞ ነበር የገባው። ባለሙያዋ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። መስመሩን በጣቷ እየዳሰሰች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች፤ ከሚቀጥለው ክፍል የሥራ ጓደኛዋን ጠርታ አሳየች።

"አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ ራሴ እንዲህ እኩል አድርጌ አልሠራም። በዚህ ከቀጠሉ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሥራ ለመመለስ ግምገማ እጽፍልዎታለሁ።"

ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ሰፊዋ ከኋላው ቆማለች፤ ጆሮዋ መጋል ጀመረ።

ባለሙያዋ በሁለት ጣት የሚጨመቅ፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ መርፌ ያለው መለኪያ ሰጠችው። ጨመቀው። መርፌዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና ባለችበት ቆመች።

"በደንብ ይጭመቁት።"

ጨመቀ። ግንባሩ ላብ አወጣ። መርፌዋ አልተነቃነቀችም። ባለሙያዋ መለኪያውን ተቀብላ በራሷ ጣት ሞከረችው፤ ደህና ይሠራል። መልሳ ሰጠችው፤ ያው ነው። ጉንጉኑንም መለኪያውንም ሰውየውንም አፈራርቃ አየችና ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች።

"አባባ፣ አይቀየሙኝ። ይህን የሠራ ጣት ይህን መጭመቅ አያቅተውም። አንዳንድ ሰው የሕመም ፈቃዱ እንዲራዘምለት ሲፈልግ ሆን ብሎ..."

"ምን?" አለ ሾፌሩ።

"እርስዎ ነዎት ማለቴ አይደለም።"

"ልጄ፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ስነዳ አንድ ቀን አመመኝ ብዬ ቀርቼ አላውቅም። ጠይቂ። መሥሪያ ቤቴ ደውለሽ ጠይቂ።" የማይታዘዝለትን እጁን እንደ ሰው እቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አየው።

ሰፊዋ ከዚህ በላይ መቆም አልቻለችም።

"እኔ ነኝ" አለች።

"እርስዎ ምን?"

"የሠራሁት። ሁሉንም አይደለም። መጀመሪያ አካባቢ ያለው የሱ ነው። ቀዳዳ ነበረው፣ እሱን ልድፈን ብዬ ነው የገባሁት።"

ሾፌሩ ዞሮ አላያትም። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እናቴ፣ የእርስዎ ጣት ምንም አልሆነም። በሽተኛው እሳቸው ናቸው። እርስዎ የሠሩት እያንዳንዱ መስመር ከሳቸው ጣት ላይ የተወሰደ ነው። አሁን ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ቀርተናል።"

በአውቶብስ ተመለሱ። ሌላ ጊዜ ሾፌሩ ተሳፋሪ ሲሆን አፉ አያርፍም፤ ማርሹን ዘገየ፣ ፍሬኑን ቸኮለ እያለ የሚነዳውን ሰው ሁሉ ሲተች ነው የሚደርሰው። ያን ቀን በመስኮቱ እያየ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

"ላግዝህ ብዬ ነው" አለች ሰፊዋ።

ዓይኑን ከመስኮቱ አላነሳም።

"ቀዳዳው ትልቅ ነበር እኮ።"

ላስቲኩን በደረት ኪሱ ወደ ውስጥ ገፋው።

"ታዲያ ጣትህ እንዲህ መሆኑን በምን አውቄ? ወጣልኝ ስትል አመንኩህ።" ይህን ስትለው ውሸቷ ለራሷም ታወቃት። እሱ እንዲህ ፊቱን ካዞረባት ወርዳ በእግሯ ብትሄድ በወደደች።

ቤት ሲደርሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጉንጉኑን ከላስቲኩ አወጣ።

"እስከ የቱ ድረስ ነው የኔ?"

ሰፊዋ ጎንበስ ብላ በጣቷ አሳየችው። ከታች፣ መጀመሪያው ጫፍ አካባቢ፣ ስንዝር የማትሞላ የተንጋደደች ቁራጭ። ሾፌሩ እርሳሱን መዘዘና ክሩን ሳበ። መስመሮቹ እየተከታተሉ ይፈቱ ጀመር። ያ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ እንከን የማይወጣለት ሥራ ጭኑ ላይ የተጠማዘዘ ክር ሆኖ ተከመረ። ሰፊዋ እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራ ያዘቻቸው። ጠማማዋ ቁራጭ ጋ ሲደርስ ቆመ። አራቱን ቀለበቶች እርሳሱ ላይ ለመመለስ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀበት፤ ሁለቱ ሁለት ጊዜ አመለጡት። እሷ እዚያው ቆማ ነበር።

"ስሚኝ" አለ ሲጨርስ። "ጠማማም ሆነ ጉድጓድ፣ የኔ ነው። ሰው ፊት ሌባ መሰልኩ። ከዛሬ ጀምሮ እጅሽን ከክሬ ላይ አንሺ።"

"እሺ።"

"የአፍ እሺ አይደለም የምፈልገው።"

"እሺ አልኩ እኮ።"

ማለቱ ቀላል ነበር። የሚቀጥሉት ሳምንታት ለሰፊዋ የመከራ ሆኑባት። ባሏ ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ አንዲት ቀለበት ለመቆንጠጥ አምስት ጊዜ ይሞክራል። በአምስተኛው ይይዛትና ጣቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ትወድቃለች። ሰፊዋ ላለማየት ወንበሯን አዞረች፤ ሲያቃስት ግን ይሰማታል። ጨርቅ ስትቆርጥ ትሰማለች፣ ስትተኩስ ትሰማለች። አንድ ቀን በጆሮዋ እሱን እየተከታተለች የቀኙን እጅጌ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥማ ሰፋች። ስንት ዓመት እንዲህ ያለ ስህተት ሠርታ አታውቅም። እየተነጫነጨች ስፌቱን ስትተረትር ባሏ ቀና ብሎ አያት።

"ባንተ ምክንያት ነው" አለችው።

"እኔ ነካሁት?"

አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ራሱ ጠየቃት። "ይሄ የታችኛው የምትሉት የትኛው ነው?"

ሰፊዋ ተነስታ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኖቿ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።

"ወደ ሰውነትህ ያለው።"

"እጄ ራሱ ወደ ሰውነቴ ነው ያለው።"

"ከጣትህ ሥር ያለው ማለቴ ነው።"

"ሁለቱም ከጣቴ ላይ ናቸው።"

ዓይኗን ጨፈነች። እጇ ሲያውቅ አፏ የማያውቅ መሆኑን ያን ቀን ነው የተረዳችው። ለሃያ ሁለት ዓመት ሥራ ማስረዳት ሲኖርባት "አምጪው" ብላ ተቀብላ ትሠራ ነበር እንጂ ተናግራ አታውቅም። ትንፋሿን ሰብስባ፣ "መጀመሪያ የጠመጠምከው" አለች። "በመጀመሪያው ዙር የገባው። እሱ ነው የሚወጣው።"

ሾፌሩ ጣቱን ሲመለከት ቆየ።

"ቀድሞ የተሳፈረው ቀድሞ ይወርዳል ማለት ነው።"

"አዎ።"

"አዲሱ ተሳፋሪ ይቀመጣል፣ አሮጌው ይወርዳል።"

"አዎ፣ እንደሱ ነው።"

"ይሄን እኮ ገና በመጀመሪያው ቀን ማለት ትችዪ ነበር" አለ ሾፌሩ፣ ቅር ብሎት። ሰፊዋ እጆቿን ከሥሯ አውጥታ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ስንት ቀን ሙሉ የተጨቃጨቁበት ነገር በአንዲት የአውቶብስ ወሬ ማለቁ አበሸቃት። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን "ውረድ" እያለ ሲቆነጥጥ ትሰማው ነበር፤ "አንተ ውረድ፣ አንተም ውረድ፣ አንተ የት ነው የምትሄደው?"

ቀጠሮው ሲደርስ ባለሙያዋ የተዘረጋላትን አየች። አንዱ ጋ እንደ ገመድ የጠበቀ፣ አንዱ ጋ እንደ መረብ የላላ፣ ሁለት ቦታ የተቀደደ የሚመስል፣ ርዝመቱም ከበፊቱ ግማሽ የማይሞላ። ቀና ብላ ሰፊዋን ፈለገች። ሰፊዋ ሁለት እጆቿን ከፍ አድርጋ መዳፏን አሳየቻት። መለኪያው ሲመጣ መርፌዋ ወደ ላይ ሄደች፤ ሩቅ አይደለም፣ ግን ሄደች። ባለሙያዋ ቁጥሩን ጻፈችና "ይኼ የእርስዎ ነው አባባ" አለች። ግምገማ አልጻፈችለትም፤ ሌላ ወር ጨመረችበት። ሾፌሩ ሌላ ቀን ቢሆን ያጉረመርም ነበር፤ ያን ቀን ግን የቀጠሮ ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተ።

ወሩም ሞልቶ ትንሽ ቀን ካለፈ በኋላ፣ በትንሹ አውቶብስ ሥራ እንዲጀምር ተፈቀደለት፤ መሪው ቀለል ይላል ተብሎ። ሥራ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ክሩ አለቀ። ሾፌሩ የመጨረሻውን መስመር ሠርቶ፣ ልጁን ጠርቶ፣ ሰፊዋ ከመኪናዋ ጀርባ እያየችው አራት ጣቶቹን ከቀለበቶቹ ውስጥ መዘዘ። የክሩ ጫፍ በአራቱ ቀለበቶች ውስጥ ገብቶ ካልተቋጠረ ሁሉም ነገር እንደሚፈታ ሰፊዋ ታውቃለች። ጣቱን ሊመዝ ሲል አፏን ከፍታ ነበር። "እጅሽን አንሺ" ያለውን አስታውሳ ከደነችው።

"ይኸው" አለ ሾፌሩ፣ የክሩን ጫፍ ይዞ ወደ ላይ እያነሳ። ጉንጉኑ በራሱ ክብደት ወረደ፤ አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር፣ ሰባት መስመር። ልጅቷ ሮጣ ከሥር ያዘችው።

ሾፌሩ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። "ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እያየሽኝ?"

"እያየሁህ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ሰፊዋ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳች፣ ቆማ እስከ ሥሩ ጠጣችው። ከፊተኛው ክፍል የባሏ ድምፅ ይሰማታል፤ "ዝም ብላ እኮ ነው ያየችኝ" እያለ ለልጁ ይከሳታል።

ብርጭቆውን አጥባ ደፋችውና ተመለሰች። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ሰባቱን መስመር መልሰህ ሥራ" አለችው። "ስትጨርስ ጥራኝና እነግርሃለሁ። በአፌ።"